የጅብ ጥላ በጾም ድስት

አማቴ እንጉዳይን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «የጅብ ጥላ» ነው የሚሉት። አምና ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ኪሎ እንጉዳይ ይዤ ስገባ በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ጅቡ ማታ ጥላውን ፍለጋ እዚህ ይመጣል» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩን የጀመርኩት አምሮኝ አይደለም። ያን ሰሞን የደም ግፊት እንዳለብኝ ተነግሮኝ ነበር። ሐኪሙ ክኒን አዘዘልኝና «ጨው ቀንስ» ብሎ አሰናበተኝ። በጾም የእኛ ቤት ገበታ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ከዚያ ተመልሶ ሽሮ ነው። ከዚህ ላይ ጨው ሲነሳ ምን ጣዕም ይቀራል? ዓሣ እንዳልል፣ የጣና ቆሮሶ በደጃችን እየተሸጠ እንኳ አማቴ በጾም ዓሣ ወደ ቤት አያስገቡም። በዚህ ጉዳይ ክርክር የለም።

እንጉዳዩን የሸጠችልኝ ዓባይ ማዶ በጓሮዋ የምታመርት ወጣት ናት። በእንፋሎት የተቀቀለ የጤፍ ገለባ ከእንጉዳይ ዘር ጋር በላስቲክ ከረጢት ትሞላና በጨለማ ክፍል ውስጥ ትሰቅለዋለች፤ ኦይስተር የሚባለው ዓይነት ነው። «ሥጋን ይተካልዎታል» አለችኝ። እኔም አምኜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምስሩን ትቼ እንጉዳይ ብቻ በላሁ። ሁልጊዜ ይርበኝ ነበር። በመጨረሻ ወረቀት አውጥቼ ሳሰላ ምክንያቱ ገባኝ። ትኩስ እንጉዳይ ከመቶው 90 እጅ ገደማ ውኃ ነው። 100 ግራም ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም አካባቢ ሲሆን፣ ያንኑ ያህል የበሰለ ምስር 9 ግራም ይሰጣል። ጉልበቱም ቢሆን ከ35 ካሎሪ አይበልጥም። ሥጋን ይተካል የሚባለው በአፍ ሲታኘክ እንጂ በሆድ አይደለም። ምስሩን መለስኩት፤ አሁን ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ እሠራቸዋለሁ። ለጿሚ ሌላም የሚታወቅ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ12ን ከእንጉዳይ መጠበቅ አይቻልም። ሪቦፍላቪንና ኒያሲን የሚባሉት የቢ ቫይታሚኖች ግን በደንብ አሉት።

አበሳሰሉን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። መጀመሪያ እንደ ጎመን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አጠብኩት፤ ውኃውን ጠጥቶ ድስት ውስጥ ሾርባ ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ ዘይቱን አስቀድሜ ባፈስበት እንደ ስፖንጅ መጠጠው። ዘይት ጨመርኩ፣ እሱንም መጠጠው። ለጤናዬ ብዬ የጀመርኩት ምግብ በዘይት ተነክሮ ቀረበልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ቸኩዬ ሳይበስል አወጣሁትና ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ። የእንጉዳይ ሥጋ የታጠረው የፌንጣ ቅርፊት በሚሠራበት ካይቲን በሚባል ነገር ስለሆነ፣ ጥሬው ለሆድ ከባድ ነው።

አሁን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ በእጄ እተለትለዋለሁ። በጋለ ደረቅ መጥበሻ ላይ አድርጌ ውኃውን አውጥቶ እስኪያደርቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና ቃሪያ የሚገቡት። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ቤቱን የሚሞላው ሽታ የፍስክ ነው፤ ጎረቤት ጾም የገደፍን መስሎት እንዳይሆን ብዬ መስኮት የዘጋሁበት ቀን አለ።

የፈለግሁትን ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። እንጉዳይ በተፈጥሮው ግሉታሜት አለው፤ የሥጋ መረቅን የሚያጣፍጠው ነገር ማለት ነው። በ100 ግራም ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለው ግፊት የሚጨምረው ነገር፣ 20 ሚሊ ግራም አይሞላም፤ ፖታሲየሙ 400 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። በፊት ለአንድ ድስት ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው እንጨምር ነበር፤ አሁን ግማሽ ይበቃናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ጨው ይላል፤ እኛ የት እንደነበርን አስቡት። ግፊቴ ወርዷል። ክኒኑን ግን አላቆምኩም፤ ማታ ማታም በሐይቁ ዳር በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁና ምስጋናውን ለእንጉዳዩ ብቻ ልሰጠው አልችልም። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ስለ ፖታሲየሙ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የተረፈኝን ማድረቅ ጀመርኩ። እንጉዳይ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ሰው ቆዳ ቫይታሚን ዲ ይሠራል። ቆራርጬ ከጥላው ሥር ያለው ሽንሽን ወደ ሰማይ እንዲያይ አድርጌ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ፣ በመጋቢት የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ አወጣሁት። በሁለት ቀን እንደ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። በሙቀጫ ወቅጬ ከሽሮ ዱቄት ጋር ቀላቀልኩት፤ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው። በፍልሰታ ያንኑ ልደግም ብዬ ግን ሁለት ኪሎ እንጉዳይ ለሻጋታ ዳረግሁ። የባሕር ዳር ነሐሴ ልብስ እንኳ አያደርቅም።

በዚያው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ከዛፍ ሥር የበቀለ ነጭ እንጉዳይ በፌስታል ይዞልን መጣ። ፍየሉ በልቶት ምንም አልሆነም አለ። የፍየል ምስክርነት ግን ለሰው አይሆንም። የአንዳንዱ የዱር እንጉዳይ መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም፤ ሕመሙም ከበሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ስለሚጀምር፣ ሰው ሲደነግጥ መርዙ ጉበት ደርሷል። እኔ እንዴት ብዬ በትሕትና ልመልስለት ስል አማቴ ፌስታሉን ነጥቀው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ያን ቀን እጃቸውን ሳምኩ። ከገበያ ስገዛም በምን ላይ እንዳደገ እጠይቃለሁ፤ እንጉዳይ ካደገበት ነገር እንደ እርሳስ ያለ ብረት ይስባልና። ከጣና በሚነቀለው እምቦጭ ላይ የበቀለ ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ ሐሳቡን አደንቅለትና ከየትኛው ዳር እንደተነቀለ ሳይነግረኝ አልገዛውም።

አማቴ እስከ ዛሬ አልቀመሱትም። ዘንድሮ መጋቢት ሰማዩ ሳይታሰብ ሲጠቁር ግን ሰፌዱን አውርደው ወደ ቤት ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ «ና እንጂ፣ ጥላህ በዝናብ ሊበሰብስ ነው» እያሉ።