በጠመኔ የተሣለ መኪና

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቤተሰብ ጋር የምንጓዝበትና የምናድርበት መኪና ልንገዛ አስበን፣ ግቢያችን ውስጥ መኪና ሣልን። በጠመኔ፣ ሲሚንቶው ላይ። ርዝመቱ 5 ሜትር ከ38 ሳንቲም፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ88። አባዱላ የምንለው፣ ረጅሙና ጣሪያው ከፍ ያለው ቶዮታ ሃይኤስ ከውጭ ሲለካ ይህን ያህላል። የጋቢናውን ቦታ ቀነስን፣ ለግድግዳውም ትንሽ ቀነስን፣ ሰሌን አነጠፍንና ስድስታችንም ገብተን ተኛን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችንና እናቴ።

አልበቃንም።

ሁለት ወር ሙሉ ስልኬ ላይ የመኪና ፎቶ ሳገላብጥ ያላየሁትን በዚያች ግማሽ ሰዓት አየሁት። እናቴ ከሰሌኑ ቀና ብላ "ሌሊት ሽንቴ ቢመጣ በማን ላይ ተረማምጄ ነው የምወጣው?" አለች። ከዚያ በኋላ አልጋ መቁጠር ተውኩ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። አምና ሚኒባስ ተከራይተን ከባሕር ዳር ጎንደር ሄድን። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሩቅ የሚባል አይደለም። እናቴን ከኋላ አስቀመጥናት፣ ይመቻታል ብለን። እሷ እንድትወርድ ከፊቷ ያለው ተጣጣፊ ወንበር መነሣት አለበት፣ እሱ ላይ ያሉትም መውረድ አለባቸው፤ ጉልበቷ ደግሞ ያማታል። አዲስ ዘመን ስንደርስ ውኃ ሰጠኋት። "አልጠማኝም ልጄ" አለችኝ። ጎንደር ገብተን እግሯ አብጦ፣ ራሷን አሟት ስትተኛ ነው ባለቤቴ የነገረችኝ፦ እንዳታስቸግረን ብላ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጉንጭ ውኃ አልጠጣችም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር የሚጓዝበትና የሚያድርበት መኪና ለሚፈልግ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለመውጣትና ለመውረድ ከሁሉም የሚከብደውን ሰው አስቀድማችሁ አስቡ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ውጭ አገር ሞተርሆም የሚሉት፣ አልጋና ማድቤት ተሠርቶለት የሚሸጠው መኪና እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ያለውን ገዝቶ ማሠራት ነው።

ወንድሜ ፒክአፕ ግዛና ጣሪያው ላይ ድንኳን እሰርበት አለኝ። ለወጣት ጥሩ ነው፣ የትም ይገባል። ግን በመሰላል ነው የሚወጣው። እናቴ በሌሊት መሰላል ልትወርድ? አይሆንም። ኮስተር የሚባለውን የቶዮታ መለስተኛ አውቶቡስም አየሁ። 7 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ውስጡ ሰፊ ነው፣ ሰው ቆሞ ይሄድበታል። ልቤ ሄዶ ነበር። ነገር ግን ነዳጁ፣ ጎማው፣ ከዋናው መንገድ ስትወጣ ደግሞ ክረምት ላይ ዋልካው! የፎገራን ሜዳ በሐምሌ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ርብና ጉማራ ሞልተው በሚተኙበት አገር ከባድ መኪና ይዞ ዳር መውጣት ራስን በጭቃ ማስያዝ ነው። መንጃ ፈቃዳችሁ የትኛውን መኪና እንደሚያስነዳችሁም ልብ ከመስጠታችሁ በፊት እዩ።

ሃይኤሱ ላይ የቆምነው እንዲህ እያልን ነው። የሚያሳስበኝ ስንት ሰው ይተኛል ሳይሆን ስንት ሰው ቀበቶ አስሮ ይቀመጣል የሚለው ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል። አልጋ እየሄደ ላለ መኪና ወንበር አይሆንም፣ ልጅ ተኝቶበት ፍሬን ቢያዝ ተስፈንጥሮ ይሄዳል። እኛ ጋቢናው ላይ ሦስት ነን፣ እኔ፣ ባለቤቴና 14 ዓመት የሆናት ትልቋ። ሁለተኛው ረድፍ ወንበር እንዳለ ይቀራል፣ እናቴ በሩ ጋ፣ ሁለቱ ትንንሾች ከጎኗ። ሲመሽ ያ ወንበር ተዘርግቶ የእናቴ አልጋ ይሆናል። ዝቅ ያለ ነው፣ በሩ እግሯ ሥር ነው፣ ማንንም አትረግጥም። ልጆቹ ከኋላ በወርዱ ይተኛሉ፣ ሻንጣው ከሥራቸው። እኔና ባለቤቴስ? ከመኪናው ጎን ድንኳን እንተክላለን። ስድስት ሰው የግድ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ይደር የሚል ሕግ የለም፣ ይሄን ለመቀበል ግን ጊዜ ፈጀብኝ።

በሩ ላይ አንድ ተጨማሪ መረገጫና ጠንካራ መያዣ ብረት እናስበይዳለን። ከምናወጣው ወጪ ሁሉ ትንሹ ይሄ ነው፣ ለኔ ግን ትልቁ ነው።

ውኃ ላይ አትዘናጉ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ለሰው 5 ሊትር ብትሉ ለስድስት ሰው 30፣ ለሦስት ቀን 90 ኪሎ። ጣሪያ ላይ የሚጫን አይደለም፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ ይወዛወዛል። ጀሪካኖቹ ወለሉ ላይ፣ ከኋላው ጎማ ወደ ፊት ይታሰሩ። ጣና አጠገባችን ነው፣ ልጆቹ እዚያ ይታጠባሉ የሚሉኝ አሉ፤ ቢልሃርዚያ ስላለ እኔ ልጆቼን አላስገባም። ክዳን ያላት ተንቀሳቃሽ መጸዳጃም እንይዛለን፣ ይዘቷም ሽንት ቤት ተፈልጎ ይደፋል እንጂ ሐይቁ ዳር አይደፋም።

አሁን የምጽፈውን እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ከሰል መኪና ውስጥ አይግባ። ለቡናም፣ ለብርድም፣ "ፍሙ በርዷል" ተብሎም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። እኛ አገር በዝግ ቤት ከሰል አስገብተው ያለቁ ቤተሰቦች አሉ፣ መኪና ደግሞ ከየትኛውም ክፍል ይጠባል። ቡናው ውጭ ይፈላል፣ ፍሙ በውኃ ይጠፋል፣ አለቀ። ለብርድ ጋቢና አለን፣ የምንለብሰውን ማለቴ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ሌሊቱ አያስቸግርም፣ ደባርቅ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ቆርቆሮው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ጣሪያውና ግድግዳው በውስጥ በኩል በስፖንጅ ይሸፈናል። ሐይቁ ዳር ችግሩ ሌላ ነው፣ ወባ። ስለዚህ መስኮቱ ሁሉ ወንፊት ይሠራለታል፣ የእናቴ አልጋ ላይ ደግሞ አጎበር።

ምግቡ አያሳስበኝም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ለመጀመሪያው ቀን አገልግል። አያቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ የያዙት ስንቅ ለመኪናም ይሆናል።

ገበያውን በተመለከተ፣ ዋጋው ያስደነግጣል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ እዚህ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ያቀረበልኝ ደላላም ነበር። ለከተማ እሺ፣ ግን ጎርጎራ ላይ የት ልሰካው ነው? እኔ የምፈልገው 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለውን ነው። ቱርቦ የለውም፣ ዳገት ላይ ቀስ ይላል፣ ግን ወረታም ደባርቅም የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። ሞተሩን ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ አስነሡት፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ከሥር ገብታችሁ ዝገቱን እዩ፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። ሊብሬው ላይ የወንበር ብዛት ስለተጻፈም ወንበር ከማስፈታታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

መንገዱ እንደምታውቁት ሁልጊዜ የሚወጣበት አይደለም። ከመነሣታችን በፊት እዚያ ላለ ዘመድ እንደውላለን፣ አይመችም ካለ ጉዞው ይቀራል። ከ11 ሰዓት በኋላም አልነዳም። የምናድረው ጥበቃ ያለው የሆቴል ግቢ ወይ ዘመድ ቤት ነው። "መሽቶብን ነው፣ የእግዜር እንግዳ ነን" ብሎ ደጅ መጠየቅ በዚህ አገር ገና አልጠፋም፣ እናቴ ስትጠይቅ ደግሞ እምቢ የሚላት አላየሁም።

ነገ ጠዋት ሽምብጥ አካባቢ አንድ መኪና ልናይ ቀጠሮ አለን። እናቴም አብራን ትመጣለች። ዋጋ ከመጠየቄ በፊት እሷ ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ትወርዳለች። ሁለት ጊዜ።