ከቫርኒሹ ሥር

የምሠራው ከዋሽንግተን ብዙም በማትርቅ ከተማ፣ አንድ የቫዮሊን ቤት ውስጥ ነው። አያት ከፈተው፣ አባት አስፋፋው፣ አሁን የልጅ ልጁ ይዞታል። ይሠራሉ፣ ይጠግናሉ፣ ዋጋ ይገምታሉ። እኔ የገባሁት ዕቃ ላመላልስ ነበር። ቀስ በቀስ ቢላውንም ሙጫውንም አስጨበጡኝ።

ግምት ፈልጎ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ውስጡ "ስትራዲቫሪየስ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቫዮሊን ይዞ ነው። ስሙ የተለጠፈው ሰውዬ፣ ዝነኛው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ፣ የሞተው በ1737 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ያለው የእጁ ሥራ 650 ገደማ ቢሆን ነው። በስሙ የታተመውን ወረቀት ግን የጀርመን ፋብሪካዎች በሺህ በሺህ ለጥፈውታል። እነዚህን በአምስት ደቂቃ እንሸኛቸዋለን።

ያን ቀን የመጣው ግን የምር ነበር። የ18ኛው መቶ ዘመን፣ ከጀርመኗ ከተማ ከሚተንቫልድ፣ የቫዮሊን ሠሪዎቹ የክሎትስ ቤተሰብ ሥራ። እነሱም ዘንድ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። የቫዮሊኑ ባለቤት ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው። ለኢንሹራንስ አዲስ ግምት ፈልገው የድሮውን ወረቀት ይዘው መጡ። የፈረመበት የአለቃዬ አባት ነው። "ስንጥቅ የለውም" ይላል።

አውታሮቹን የሚሸከመው ብርኩማ አጠገብ፣ የደጋኑ ፀጉር የሚቀባው ሙጫ ዱቄት ነጭ ሆኖ ጋግሯል። አለቃዬ ሳያየው ላሳምረው ብዬ ተነሳሁ። ልታይ ባይነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ስንጥር ላይ ጥጥ ጠቀለልኩ፣ አልኮል ነካ አደረግኩና ጠረግኩ። ጥጡ መጀመሪያ ነጣ። ደገምኩት። ማር መሰለ። ክው አልኩ። አልኮል የደጋኑን ሙጫ ብቻ ሳይሆን ቫርኒሹንም ያሟሟል። ይህ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ተነግሮኛል!

አውራ ጣት የምታህል ቦታ ተገለጠች። መሃሏ ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር አለች።

ጠራሁት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጎነበሰ።

"ስንት ጊዜ ጠረግከው?"

"ሁለቴ።"

"የጥንቱ ቫርኒሽ በሁለቴ እንዲህ አይለቅም። ይሄ በኋላ የተቀባ ነው።"

የጥርስ ሐኪም ዓይነት ትንሽ መስታወት በድምፅ ቀዳዳው አስገባ። መብራት ያዝኩለት። ውስጥ፣ ጣሊያኖች "ነፍስ" የሚሏት ቀጭን እንጨት የምትቆምበት ቦታ ላይ፣ እራፊ እንጨት ተለጥፏል። እዚያ ቦታ የተሰነጠቀ ቫዮሊን ዋጋው ይወርዳል፤ የአውታሩ ጫና የሚያርፈው እዚያ ነውና። ከእራፊው አጠገብ በእርሳስ የተጻፈ ፊርማ አለ። ጠጋኞች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝ።

ፊርማው የአባቱ ነው። ቀኑ የግምቱን ወረቀት በሁለት ዓመት ይቀድማል።

ዝም ብሎ ብዙ ቆየ። ቡና ልቀዳልህ ብለው እጁን አወዛወዘ። ከዚያ "የሸጠላቸውም እሱ ነው" አለ፣ ለራሱ።

በዚህ ሙያ ጠጋኙም፣ ሻጩም፣ ገማቹም አንድ ቤት መሆኑ እስከዚያ ቀን ከንክኖኝ አያውቅም።

አስተማሪዋ ጋ ራሱ ደወለ። ሁለቱንም ነገራቸው፣ የእኔን ጥጥም የአባቱን ፊርማም። አዲሱ ወረቀት ላይ "ስንጥቅ አለው፣ ተጠግኗል" ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ ከድሮው አነሰ። የለቀቀውን ቫርኒሽ ያለ ክፍያ መለስንላቸው። ስለ ገንዘቡ ልዩነት ምን እንደተስማሙ አልጠየቅኩም።

የአልኮሏ ጠርሙስ አሁን እሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፋለች። ምን ልጠርግባት እንደሆነ ሳልናገር አላገኛትም።