ሬሳ ሳያይ

ለገጣፎ ዳር ያለ የዱቄት ፋብሪካ ጀነሬተር እጠግናለሁ። መብራት ሲሄድ ሞተሩን ራሱ የሚያስነሳውን ቼንጅ ኦቨር የገጠምኩትም እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የጥበቃው ጋሼ ደወሉልኝ፦ «አንተ ልጅ፣ መብራቱ አለ፤ ጀነሬተሩ ግን ተነስቶ ያጓራል!»

ሄጄ ሳጥኑን ስከፍት አይጥ ሽቦ በልታለች። የበላችው ደግሞ መብራት መኖሩን ለሬሌው፣ ሞተሩ ይነሳ አይነሳ ለሚለው ማብሪያ፣ የምትነግረውን ቀጭኗን ነው። ሬሌው ወሬ ሲጠፋበት መብራት ሄደ ብሎ ፈረደ።

እጄ ግራሶ እንደሆነ፣ እንደዚሁ ወሬ ሲጠፋበት ስለሚፈርድ ፔሪሜትር ስለሚባል የኑክሌር አጸፋ መሣሪያ ለጋሼ አወራኋቸው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ላይ ያዋሉት ነው፤ መሪዎቻችንን በአንድ ምት ብትጨርሱም አጸፋው አይቀርላችሁም የሚል። በቀውስ ጊዜ ከበላይ ይከፈታል። ከዚያ የመሬቱን ንዝረት፣ ብርሃኑን፣ ጨረሩን፣ የአየሩን ግፊት ይለካል። ፍንዳታ ካገኘና ከጠቅላይ ኤታማዦሩ ድምፅ ከጠፋ፣ ውሳኔው ከመሬት በታች ለተቀመጡ ጥቂት ተረኛ መኮንኖች ይተላለፋል። እነሱ ከፈቀዱ የትእዛዝ ሮኬት ይወነጨፋል፤ እየበረረ ለሌሎቹ ሚሳይሎች በሬዲዮ «ተነሱ» ይላቸዋል።

የሚሟገቱለት አሉ፦ አጸፋው እንደማይቀር ያወቀ መሪ በጥርጣሬ ብቻ ተቻኩሎ አይተኩስም ይላሉ። እውነት አለው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታን እንደ ሞት መቁጠሩ ነው። ደግነቱ፣ እዚያ ምሽግ ውስጥ ሰው አስቀርተዋል።

ጋሼ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ደም መላሽ እንኳ ሬሳ ሳያይ ጠመንጃ አያነሳም» አሉኝ።

የሶቪየቱ መኮንን ፔትሮቭ ትዝ አለኝ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 1976፣ ደመራ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሞስኮ በስተደቡብ የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ጣቢያ ላይ ተረኛ ነበር። ሳተላይቱ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አራት የአሜሪካ ሚሳይል መጣ አለው። በአምስት ሚሳይል ጦርነት የሚጀምር የለም ብሎ አሰበ፤ የምድር ራዳርም ምንም አላየም። ለአለቆቹ የሐሰት ማንቂያ ነው አላቸው። ለካ ደመና ላይ ያንጸባረቀ ፀሐይ ነበር! ያን ወንበር ለማሽን እንስጠው የሚል ሰው ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። ባይደንና ሺ ጂንፒንግ እ.ኤ.አ. በ2024 የኑክሌር ውሳኔ በሰው እጅ ይቆይ ብለው ሲስማሙ ከልቤ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

ሽቦዋን ቀይሬ በብረት ቱቦ አሳለፍኳት። ባለቤቱን አስፈቅጄም ደወል ጨመርኩ። አሁን መጀመሪያ ደወሉ ይጮኻል፤ ጋሼ ይወጡና የበሩን አምፖል አይተው ቁልፉን ያዞራሉ።