ካርቡሬተርና ማኒፎልድ ሲቀየር፦ መጀመሪያ ልኩ፣ ኋላ ጄቱ

ለትንሽ ሞተር ሳይክል ምትክ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ሲፈለግ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ ነው። እኔ የምጀምረው ከማኒፎልዱ፣ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ከሚያገናኘው ቱቦ ነው። ካርቡሬተሩ መጠነኛ ልዩነት ቢኖረው በጄት (ቤንዚኑን በሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ይስተካከላል፤ ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር በትክክል ካልገጠመ ግን የትኛውም ጄት አያድነውም።

የሠራሁበት ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ከወጣው የሆንዳ ሲጂ125 የተቀዳ ነው። የዚህ ሞተር ቅጂዎች ብዙ ናቸው፤ መጠሪያቸው ቢመሳሰልም የማኒፎልዱ ርዝመትና ዘንበላ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹም ርቀት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን የምመርጠው በስም ሳይሆን በካሊፐር (በሚሊሜትር መለኪያው) ነው።

የቡሎን ቀዳዳዎች ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ነው። መሃሉን በዓይን ከመገመት፣ ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ መለካት ይሻላል። ቡሎኖቹ ተተክለው የማይወጡ ከሆነ ከውጭ እስከ ውጭ ለክቶ የአንዱን ውፍረት መቀነስ ነው፤ በዚህኛው 54 ሚሊሜትር መጣ፣ ቡሎኑ 6 ስለሆነ ርቀቱ 48 ነው። የገዙት 46 ወይም 50 ሲሆንባቸው ቀዳዳውን በሞረድ አስፍተው የሚያስገቡ አሉ። አልመክረውም። ካርቡሬተሩ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና የኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) ቦይ ከፊሉ ከማኒፎልዱ ፊት ውጭ ይቀራል፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው።

ቀጥሎ የውስጥ ቀዳዳው። ካርቡሬተሩ ላይ 27 ተብሎ ቢጻፍም ያንን ቁጥር አላምነውም፤ በሞተሩ በኩል ያለውን አፍ ራሴ እለካለሁ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከካርቡሬተር ወደ ማኒፎልድ፣ ከማኒፎልድ ወደ ቴስታታ ሲሄድ ቀዳዳው እኩል ይሁን፣ ካልሆነም የሚቀጥለው በትንሹ ይስፋ። የሚቀጥለው ከጠበበ አየሩ ከፊቱ የቆመ ጠርዝ ይመታል፤ የቤንዚኑ ጠብታ እዚያ ይጠራቀምና በሚኒሞ ጊዜ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ፣ ሞተሩ አንዴ ይታፈናል፣ አንዴ ይላቀቃል። ጋርኒሲዮኑንም (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) በማኒፎልዱ ላይ አስቀምጬ በውስጥ በኩል አየዋለሁ። 1 ሚሊሜትር እንኳ ወደ ቀዳዳው ከገባ በስለት እቆርጠዋለሁ።

ዘንበላው ሌላው የሚዘነጋ ነገር ነው። ማኒፎልዱ ሳይጠብቅ በእጅ ብቻ ገጥሜ፣ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ እንደቆመ የካርቡሬተሩ የቤንዚን መያዣ ጎድጓዳ አግድም መሆኑን አያለሁ። ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ካዘነበለ ፍሎቱ (በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ) ቤንዚኑን በተሳሳተ ከፍታ ይዘጋል፦ ወይ በማፍሰሻው ይንጠባጠባል፣ ወይ ሽቅብ ሲወጣ ያጥረዋል። በዚያው ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ማስነሻው) ከሻሲው ጋር እንዳይነካካ፣ የፊልትሮው (የአየር ማጣሪያው) ጎማ አፍም በካርቡሬተሩ ጀርባ ላይ ሳይለጠጥ እንዲገባ አረጋግጣለሁ።

በማኒፎልዱና በካርቡሬተሩ መካከል ያለውን ወፍራም ጥቁር የባኬላይት ቁራጭ «ተራ ማራዘሚያ ነው» ብሎ የሚጥል ሰው አለ። ሥራው የቴስታታውን ሙቀት መከልከል ነው። ሲወጣ ካርቡሬተሩ ይግላል፣ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተንናል፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ጥሩ ይነሳና ሲሞቅ ከጠፋ አልነሳም ይላል።

ከመግጠሜ በፊት የካርቡሬተሩን ፊት ወፍራም መስታወት ላይ አስቀምጬ ጥግና ጥጉን እጫናለሁ። ከተንቀጠቀጠ ጎብጧል ማለት ነው፤ ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግቼ ፊቱን በክብ እፈትጋለሁ፣ ብረቱም እኩል እስኪያብረቀርቅ ድረስ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጎብጠው ዳዶውን ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። ለ6 ሚሊሜትር ቡሎን 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው። ኦሪንጉ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ሲሊኮን አልቀባም፤ ቤንዚን ያላላውና ቁራጩ ወደ ቫልቩ ይሄዳል።

ስላይዱ (በጋዙ ኬብል ከፍና ዝቅ የሚለው የካርቡሬተሩ በር) ሲገባ የተቆረጠው ጎኑ ወደ ፊልትሮው ይዞራል። ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ ያለልክ ይጮሃል። የጋዙ እጀታ ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ልቅ ይሁን። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መሪውን ሙሉ ግራ፣ ሙሉ ቀኝ አዙሬ ድምፁ ከጨመረ ኬብሉ ተወጥሯል ማለት ነው።

ጄት ከመንካቴ በፊት የአየር ማስረግ ፈተና አደርጋለሁ። ማርሚታው ሳይግል፣ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ በትንሽ በትንሹ እረጫለሁ፤ በአንዱ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ማስረጊያው እዚያው ነው። ጋዝ ሲለቀቅ ሚኒሞው ቶሎ የማይወርድ ከሆነም መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ረጪው ተቀጣጣይ ስለሆነ ብልጭታ ያለበት ቦታ አልረጭም።

ከዚያ በኋላ ማስተካከያው በጋዙ መጠን ይከፈላል። እስከ አንድ ስምንተኛው ድረስ ትንሹ ጄትና ቪቴው (የሚኒሞ ድብልቅ ማስተካከያው) ይገዛሉ፤ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ስላይዱ ላይ የተንጠለጠለው መርፌ፤ ከዚያ በላይ ትልቁ ጄት። ቪቴውን ቀስ ብዬ እስኪነካ አጥብቄ አንድ ተኩል ዙር እፈታለሁ፣ ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሚኒሞው ከፍ ብሎ እስኪረጋ አዞራለሁ። ቪቴው በፊልትሮው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየር ስለሆነ ሲጠብቅ ቤንዚን ያበዛል፤ በሞተሩ በኩል ከሆነ ደግሞ ሲፈታ ነው የሚያበዛው። በመሃል ጋዝ ላይ ቤንዚን በዝቶ ቢያንቅ የመርፌውን ክሊፕ አንድ ደረጃ ወደ ላይ አነሳለሁ፤ መርፌው ይወርድና ቤንዚኑ ይቀንሳል። በትልቁ ጄት ላይ ለመፍረድ ግን ሙሉ ጋዝ ላይ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ፍሪሲዮን ይዤ ሞተሩን እዚያው አጠፋለሁ፣ ካንዴላውንም (ብልጭታ ሰጪውን) አወጣለሁ። በሚኒሞ ቆሞ የቆየ ካንዴላ ስለ ትልቁ ጄት ምንም አይናገርም። ነጭ ከሆነ ጄቱ አንሷል፤ ጥቀርሻ ከሆነ በዝቷል። ከፍታ ባለው አካባቢ አየሩ ስለሚሳሳ ዝቅ ባለ ቦታ ልክ የነበረው ጄት ጥቀርሻ ያመጣል፣ ስለዚህ አንድ ቁጥር ያነሰውን ይዞ እንደገና መፈተን ነው።