ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፦ ስለ ባሕር ኃይል እያሰብኩ የተጓዝኩት መንገድ

ጎጃምን ከጣና ዳርቻ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ያቋረጥኩት ስለ ባሕር ኃይል ታሪክ ሳነብ በከረምኩበት ዓመት ነው። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አገር ስለ ጦር መርከብ ለማሰብ እንግዳ ቦታ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም፤ የባሕር ኃይል ትልቁ ጥያቄ መርከቡ ስንት መድፍ ይሸከማል የሚለው ሳይሆን፣ ጉልበቱ ከወደቡ ወደ መሐል አገር ምን ያህል ይዘልቃል፣ ከየብስ የሚነሣውስ ኃይል ምን ያደርገዋል የሚለው ነውና።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ስንሻገር ማገዶ የጫኑ የደንገል ታንኳዎች በጎናችን ያልፉ ነበር። መሪውን የያዙትን አዛውንት “አባቴ፣ ታንኳው ይህን ሁሉ እንጨት እንዴት ቻለው?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ “ደንገል እስካልጠጣ ድረስ ይችላል ልጄ፤ ውኃ ከጠጣ ግን ራሱ ሸክም ነው፤ አውጥቶ ለፀሐይ መስጠት ነው” አሉኝ። ይህን ስሰማ ያስታወስኩት ዐፄ ቴዎድሮስን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ላይ በሰፈሩበት ሰሞን፣ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር የተገጠመለት ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠርተው በጣና ላይ እንደሞከሩ በዚያ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ይህን እንደ ቀልድ የሚያወሩት ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ዘመኑ ወደ እንፋሎት መርከብ እየተሻገረ መሆኑን ከደጋ ላይ ሆኖ የተረዳ ንጉሥ በእጁ ባለው ደንገል የሚችለውን ሞከረ።

የእንፋሎቱ ኃይል ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ መጣበት። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ዙላ ላይ ሲወርድ 13,000 ያህል ወታደርና ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ነበር፤ በባሕሩ ዳር የመርከብ ማራገፊያ ገነባ፣ ወደ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ የመጠጥ ውኃውን የባሕር ውኃ እያፈላ አጣራ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አቅራቢያ ባለው በእሮጌ ሜዳ ሮኬት ከተኮሱት መካከል መርከበኞች ነበሩ፤ ከቀይ ባሕር ወጥተው ተራራ ለተራራ የመጡ መርከበኞች። ከሦስት ቀን በኋላም መቅደላ ወደቀ።

ከዚያ የተከተለው ለአገራችን ይበልጥ የከበደ ይመስለኛል። ሸራ የሚያስኬደው ነፋስ ነው፤ እንፋሎት ግን ድንጋይ ከሰል ይበላል፣ ከሰሉንም በመንገዱ ላይ የሚያከማቹበት ወደብ ያስፈልጋል። እንግሊዝ ዓደንን ከያዘች 30 ዓመት ሆኗት ነበር። የሱዌዝ ቦይ በኅዳር 1862 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ሩባቲኖ የተባለው የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ በዚያው ወር በዓሰብ መሬት ገዛ፤ በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች፤ ከዚያ ወደ ዓድዋ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። የመርከብ ሞተር መለወጡ የአገሮችን ድንበር እስከ መለወጥ እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

መራዊን፣ ዳንግላንና እንጅባራን በአንድ ቀን አልፈን፣ በቡሬና በደምበጫ በኩል ደብረ ማርቆስ ገባን። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በጎጃም አርበኞች ታጅበው ወደዚህች ከተማ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 30፣ ምጽዋ በእንግሊዝና በአጋሮቿ እጅ ወደቀች። ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው የአንድ ነገር ሁለት ፊት ሆነው ይታዩኛል። ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ ስትገባ በምጽዋ 7 አጥፊ የጦር መርከቦችና 8 ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት፤ ነገር ግን ሱዌዝ በእንግሊዝ እጅ ስለነበር ነዳጅና መለዋወጫ አይደርሳቸውም። ከጥቂት ወራት በፊት በታራንቶ ወደብ 21 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በአንድ ሌሊት ሦስት ግዙፍ የኢጣልያ የጦር መርከቦችን ከጥቅም ውጪ አድርገው ነበር። በምጽዋም መጨረሻው ከዚሁ አልራቀም፦ የተረፉት አጥፊ መርከቦች ወደ ፖርት ሱዳን ለመዝመት ሲወጡ፣ ሁለቱን ከዚያው ከየብስ የተነሡ የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች አሰጠሟቸው። በሕይወት የተረፉት አራት ሰርጓጅ መርከቦች አፍሪካን ዞረው ፈረንሳይ ደረሱ፤ ወደቡ ግን ከጀርባው፣ ከየብስ በኩል ተያዘ።

እኛም ይህን በራሳችን አይተነዋል። በ1940ዎቹ ምጽዋ ላይ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከብም የሠለጠነ መኮንንም ነበረው፤ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በምድር ጦርነት ስትወሰድ ግን ዋና ቤቱን አጣ። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን መልሶ የማቋቋም እቅዱን ካሳወቀ ወዲህ የሚደረገው ክርክር ስለ መርከብ ብዛት ብቻ ሲሆን የማዝነው ለዚህ ነው። ወደብና ከወደቡ ጀርባ ያለው ምድር ያልተረጋጋለት መርከብ የት ያድራል?

ደጀን ላይ የዓባይን በረሃ የወጡ ተሳቢዎች ሞተራቸውን ሊያበርዱ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። አንዱ ማዳበሪያ ጭኗል፤ ሾፌሩን ከየት እንደመጣ ብጠይቀው “ከጅቡቲ ነው ጋሼ፤ ገበሬው ሳይዘራ መድረስ አለበት” አለኝ። ከሞሮኮ የሚገዛው ማዳበሪያ በሱዌዝ አልፎ፣ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሰፋውን ባብኤልመንደብን ተሻግሮ ነው ጅቡቲ የሚደርሰው። ከዚያ ጉዞ በኋላ፣ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የየመን ሁቲዎች እዚህ ግባ የሚባል የጦር መርከብ ሳይኖራቸው ከዳርቻ በሚተኩሱት ሚሳይልና በሚልኩት ድሮን ብዙ የንግድ መርከቦች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ በኩል እንዲዞሩ አስገደዱ። ዩክሬንም በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ከየብስ በተተኮሱ ሚሳይሎች ሞስክቫ የተባለችውን የሩሲያ ጥቁር ባሕር መርከቦች ዋና መሪ መርከብ አሰጥማለች። ባሕርን ለመዝጋት ዛሬ ትልቅ መርከብ አያስፈልግም፤ ክፍት አድርጎ ለማቆየት ግን ከቀድሞው የበለጠ ኃይልና ወጪ ይጠይቃል፤ የመርከቡ መንገድ በረዘመ ቁጥር የሚጨምረውን የማጓጓዣ ዋጋም ጤፉን ለመዝራት ክረምትን የሚጠብቀው የደጀን ገበሬ ከሚከፍሉት አንዱ ነው።