«ዘ ኢንግሊሽ ጌም»ን ደብተር ይዞ ማየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የታሪክ ድራማዎችን ከተመዘገበው ታሪክ ጋር እያመሳከርኩ ማየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በዚህ ዙር የያዝኩት «ዘ ኢንግሊሽ ጌም»ን ነው። ኔትፍሊክስ በ2020 ያወጣው ባለ ስድስት ክፍል ድራማ ነው፤ ከፈጣሪዎቹ አንዱ «ዳውንተን አቢ»ን የጻፈው ጁሊያን ፌሎውስ ነው። ታሪኩ እግር ኳስ ከጌቶች መዝናኛነት ወጥቶ የሠራተኛው እንጀራ የሆነበትን ዘመን ይዳስሳል። ኳስ ለምትወዱም፣ የታሪክ ድራማ ለምትወዱም የሚሆን ነገር ስላገኘሁበት ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሬ ቀላል ነው። መጀመሪያ ክፍሉን ሳላቋርጥ እንደማንኛውም ሰው አየዋለሁ። ከዚያ ደብተር ይዤ እደግመዋለሁ። ገጹን ለሁለት እከፍልና በግራ ድራማው ያሳየውን፣ በቀኝ ተመዝግቦ የተገኘውን እጽፋለሁ። የኳስ ታሪክ ለዚህ በጣም ይመቻል። አንድ ንጉሥ በእልፍኙ ውስጥ ለሚስቱ ምን እንዳላት ማንም ሊያረጋግጥልን አይችልም። የ1879 የእንግሊዝ ኤፍኤ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ስንት ለስንት እንዳለቀ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። የሜዳው ስም፣ ቀኑ፣ ውጤቱ፣ ብዙ ጊዜም የተሰላፊዎቹ ስም ይገኛል።

ድራማው የቆመው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ ሁለቱም በእውነት የነበሩ ናቸው። አንዱ ፈርጉስ ሱተር ነው። ግላስጎው አጠገብ ከምትገኘው ፓርቲክ የመጣ ድንጋይ ጠራቢ ሲሆን፣ በ1878 ከጓደኛው ከጂሚ ላቭ ጋር በሰሜን እንግሊዝ ወዳለችው ላንካሸር ወርዶ ለዳርዌን ተጫወተ። ሌላው አርተር ኪናይርድ ነው። የባንክ ባለሀብት ልጅ፣ ኢተን በተባለው የትልልቅ ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት የተማረ፣ ኋላም ሎርድ የሆነ ሰው። ዘጠኝ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜዎች ላይ ተሰልፎ አምስቱን አሸንፏል። ቀይ ጺሙንና ነጭ ረጅም ሱሪውን ድራማው በደንብ ይዞታል።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ብዙ ቆየሁ። ምክንያቱም የሚጀምረው ከእውነተኛ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ማንም ደራሲ ፈልስፎ የማያመጣው ዓይነት ነው። ዳርዌን የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት። ቡድኗ በ1879 የኤፍኤ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሰና ለንደን፣ ኬኒንግተን ኦቫል ላይ ከኦልድ ኢቶኒያንስ ጋር ተገናኘ። ኦልድ ኢቶኒያንስ ማለት ኢተን የተማሩ የትልልቅ ሰዎች ልጆች ቡድን ነው፤ ኪናይርድ አለበት። 5 ለ 1 መሩ። ጨዋታው አለቀ ሲባል ዳርዌኖች አከታትለው አራት አገቡና 5 ለ 5 ሆነ። ተጨማሪ ሰዓት እንጫወት ብለው ጠየቁ። ኢቶኒያንስ አንጫወትም አሉ፤ በወቅቱ ደንብ መብታቸው ነበር። ድጋሚው ጨዋታ 2 ለ 2 ወጣ። ሦስተኛውን ኢቶኒያንስ 6 ለ 2 አሸነፉ፤ በዚያው ዓመት ዋንጫውንም ወሰዱ።

ሦስቱም ጨዋታ የተካሄደው ለንደን ነው። ይህን በቀኝ በኩል ስጽፍ ነው ድራማው ስለ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ። ከዳርዌን ለንደን በባቡር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ማለት ለፋብሪካ ሠራተኛ የሥራ ቀን ነው። ሥራ ቀርቶ ለንደን ወርዶ ተጫውቶ መመለስ ማለት ያን ቀን ደሞዝ የለም ማለት ነው። ለኢቶኒያንስ ተጫዋች ግን ኦቫል እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ ቀሪ የሚያደርገውም አለቃ የለም። ለጉዞው የዳርዌን ሰው ገንዘብ አዋጣ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር (ኤፍኤ) ራሱ 10 ፓውንድ፣ ኢቶኒያንስ ደግሞ 5 ፓውንድ ጣል አድርገዋል። እኔ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በድራማው ውስጥ ካለው ከየትኛውም ንግግር በላይ ነው የወደድኳቸው። ኢቶኒያንስ ያዋጡት ሊያሸንፉት ለፈለጉት ቡድን መጓጓዣ ነው። የጨዋነታቸውን ያህል የኑሮ ልዩነቱንም ያሳያል።

ስለዚህ በዚያ ዘመን ስለ «ክፍያ» የተደረገውን ክርክር የማነበው በዚህ ዓይን ሆኗል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ1863 ለንደን ውስጥ ሲቋቋም መሥራቾቹ በአብዛኛው የተማሩና ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ በገንዘብ መጫወት ነውር ነው። በ1882 የወጣው ደንብ ደግሞ ተጫዋች ከትክክለኛ ወጪውና ከቀረበት ደሞዝ በላይ እንዳይቀበል ከለከለ። «የቀረበት ደሞዝ» የሚለው እዚያ ውስጥ መግባቱን ልብ በሉ። ጥያቄው ከመጀመሪያው የሰዓት ጥያቄ ነበር፤ ሥራ ፈትቶ ኳስ መጫወት የሚችለው ማነው የሚል። ሱተርን የመሰለ ሰው የእጅ ሙያውን ትቶ በኳስ ብቻ ሲኖር ሁሉም ከየት እየበላ ነው ብሎ ጠየቀ። እሱ የእንግሊዝ ድንጋይ ከስኮትላንዱ ይልቅ ለመጥረብ ከባድ ሆነብኝ ብሎ ሥራውን እንደተወ ይነገራል።

እዚህ ላይ ለእኛም የሚነካ ነገር አለ። የእንግሊዝ የ1850 የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የቅዳሜ ሥራ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ አደረገ። ሠራተኛው ወጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ሜዳ የሚደርሰው 9 ሰዓት ግድም ነው። የቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታ ልማድ የተተከለው በዚህ ነው። በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት እኛ ዘንድ እንደ ወቅቱ 11 ወይም 12 ሰዓት መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር የሚጠፋበት ሰዓት። እኛ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን የምንጮኸው ላንካሸር ውስጥ ፋብሪካ በሚዘጋበት ሰዓት ነው ለማለት ያስደፍራል።

ድራማው የደሞዝ ቅነሳውን ጉዳይም አልዘለለውም። በ1878 የአካባቢው የጥጥ ባለሀብቶች ደሞዝ በ10 በመቶ ቀነሱ። ሠራተኛው ሥራ አቆመ፤ ረብሻ ተነሳ፤ በጎረቤቷ ከተማ በብላክበርን የባለሀብቱ የኮሎኔል ጃክሰን ቤት ተቃጠለ። ያ ሕዝብ ነው በቀጣዩ ዓመት ለዳርዌን ጉዞ ያዋጣው። የፍቅሩንና የቤተሰቡን ታሪክ ግን በደብተሬ ብዙም አልተከታተልኩትም። ለአንዳንዶቻችሁ ዋናው ሊሆን ይችላል። እኔ ኳሱ ላይ ነኝ።

ኳሱን ስል አጨዋወቱን ነው። የጨዋታዎቹን ትዕይንቶች ድምፁን ዘግታችሁ እንድታዩት እመክራለሁ። ጌቶቹ ሲጫወቱ አንዱ ኳሱን ይዞ እየገፋ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ከኋላው ተከማችተው ይከተሉታል፤ ከተነጠቀ ቀጣዩ ይይዛል። በእንግሊዝ የተለመደው ይህ ነበር፤ ስምንት አጥቂ የሚያሰልፉበት ጊዜም አለ። የጉልበት ጨዋታ ነው፤ ትከሻው የጠነከረ ያሸንፋል። ሱተርና ላቭ የሚያመጡት ቅብብልን ነው። አንዱ ሲይዝ ሌላው ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ይህ የድራማው ፈጠራ አይደለም። በኖቬምበር 30፣ 1872 ፓርቲክ ውስጥ ስኮትላንድና እንግሊዝ የመጀመሪያውን ይፋዊ የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ አድርገው 0 ለ 0 ተለያይተዋል። ስኮትላንዶቹ ሁሉም ከኩዊንስ ፓርክ ክለብ የመጡ ነበሩ፤ በክብደት ከእንግሊዞቹ ያንሳሉ። ገፍቶ ማለፍ የማይችል ሰው ይቀባበላል። ሱተር ደግሞ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ያንን ትምህርት ነው ይዞ የወረደው።

ከዚህ ጋር አብሬ ያገኘሁት አንድሩ ዋትሰንን ነው። በዛሬዋ ጉያና የተወለደ፣ ለኩዊንስ ፓርክ የተጫወተ ጥቁር ተከላካይ። በ1881 የስኮትላንድ አምበል ሆኖ ለንደን ላይ እንግሊዝን 6 ለ 1 አሸንፏል። አዎ፣ በ1881። ራሱን የቻለ ድራማ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ልዩነት ልምጣ። ድራማውን አይታችሁ ከጨረሳችሁ ሱተር ለ«ብላክበርን» ተጫውቶ ኢቶኒያንስን በፍጻሜ ሲገጥም አይታችኋል። በታሪክ ብላክበርን ውስጥ ሁለት ክለብ ነበር፦ ብላክበርን ሮቨርስና ብላክበርን ኦሊምፒክ። ድራማው ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። ሱተር በ1880 የሄደው ወደ ሮቨርስ ነው። መሄዱም ዳርዌኖችን አስቆጥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሁለቱ ክለቦች ጨዋታ በተመልካች ረብሻ ተቋርጧል። ሮቨርስ በ1882 ፍጻሜ ደርሶ በኢቶኒያንስ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ኪናይርድ ያን ቀን ከደስታው ብዛት ክቡራኑ በተቀመጡበት ፊት በእጁ ቆሞ እግሩን ወደ ላይ ሰቀለ ይባላል። ዋንጫውን በ1883 ከጌቶቹ የነጠቀው ግን ሱተር ያልነበረበት ኦሊምፒክ ነው።

ድራማው ለምን እንዳቀላቀላቸው ይገባኛል። ባለታሪኩ ሱተር ከሆነ መጨረሻው ላይ መኖር አለበት። ቢሆንም የኦሊምፒኮች ስም መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፋቸው። የ1883ቱ ቡድን ውስጥ ሦስት ሸማኔዎች ነበሩ፦ አስትሊ፣ ዱኸርስትና ያትስ። አምበሉ ዋርበርተን የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ግብ ጠባቂው ሃኪንግ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነው። ጊብሰን ብረት ማቅለጫ ይሠራል፣ ማቲውስ የሥዕል ፍሬም፣ ዊልሰን ጸሐፊ ነው። አሠልጣኝም ተጫዋችም የሆነው ጃክ ሃንተር ከጨዋታው በፊት ልጆቹን ሰብስቦ ብላክፑል ባሕር ዳርቻ ወሰዳቸው። ጠዋት ተነስተው ጥሬ እንቁላል ከፖርት ወይን ጋር ጠጥተው አሸዋው ላይ ይራመዳሉ፤ ቁርስ ዓሣ፣ ምሳ የበግ ሥጋ ነበር ተብሎ ተጽፏል። ለውድድር ብሎ ቡድንን ካምፕ ማስገባት ያኔ ያልተለመደ ነገር ነው። ወጪውንም የቻለው የብረት ፋብሪካ ባለቤት ነው።

ጨዋታው ማርች 31፣ 1883 ኦቫል ላይ ተደረገ። ጉድኸርት ለኢቶኒያንስ አገባ። ማቲውስ አቻ አደረገ። ከኢቶኒያንስ አርተር ደን ተጎድቶ ወጣ፤ ቅያሪ የሚባል ነገር ስለሌለ በ10 ሰው ቀሩ። 1 ለ 1 አልቆ ተጨማሪ ሰዓት ተጨመረ። በ1879 ከዳርዌን ጋር አንጫወትም ያሉት ክለብ አሁን ተጫወተ። በብላክፑል የሰለጠኑት እግሮች ገና ትኩስ ነበሩ። ኮስትሊ የሚባለው ጥጥ ፈታይ ሁለተኛዋን አገባ፤ 2 ለ 1። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋንጫው ወደ ደቡብ እንግሊዝ የተመለሰው በ1901 ቶተንሃም ሲያሸንፍ ነው።

የሱተር ድርሻ ከዚያ ይቀጥላል። ከሮቨርስ ጋር የ1884፣ የ1885ና የ1886 ዋንጫዎችን በተከታታይ ወስዷል። ድራማው በአንድ ፍጻሜ የጨመቀው እነዚህን ሁሉ ነው። ጂሚ ላቭን ግን እጣው ሌላ ቦታ ወሰደው፤ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወታደርነት ተቀጥሮ በ1882 ግብፅ ውስጥ ሞተ። ኪናይርድ ደግሞ በ1890 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ እስኪሞት እስከ 1923 መርቶታል። ከሙያተኞቹ፣ ማለትም እየተከፈላቸው ከሚጫወቱት ጋር የተሟገተው ትውልድ ተወካይ የሙያተኞቹን ዘመን ሲመራ ኖረ ማለት ነው። ድራማው ሰውዬውን ቀስ በቀስ ሲለውጠው ያሳየናል፤ በዚህ በኩል መንፈሱን አልሳተም ባይ ነኝ።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ከውጤት ጀምሩ። ስሜትና ንግግር ላይ ምልክት ማድረግ ማለቂያ የለውም። ቀን፣ ሜዳ፣ ውጤት፣ የተጫዋቹ ሥራ፤ ለእኔ እነዚህ አራቱ በቂ ሆነዋል። በተለይ ሥራውን አትዝለሉት። የጎሎቹም ቅርጽ ይታይ። በድሮ ጊዜ በላይኛው አግዳሚ ፋንታ ክር ይወጠር ነበር፤ አግዳሚ ግዴታ የሆነው በ1882 ነው። መረብና ፍጹም ቅጣት ምት የመጡት በ1891 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ባለ ጨዋታ ላይ መረብ ካያችሁ ጻፉት።

እኔ አሁን የገባሁት ድራማው ባለቀበት ነው። በ1884 አፕተን ፓርክ የሚባለው የለንደን ክለብ፣ የላንካሸሩ ክለብ ፕሬስተን ለተጫዋቾቹ ይከፍላል ብሎ ከሰሰ። የፕሬስተን ኃላፊ ዊሊያም ሰደል ከመካድ ይልቅ አዎ፣ እንከፍላለን አለ። ፕሬስተን ከውድድሩ ተባረረ። የሰሜን ክለቦች የራሳችንን ማኅበር እናቋቁማለን ብለው አስፈራሩ። በጁላይ 1885 ክፍያ ተፈቀደ። በዋንጫ ለመጫወት ግን ተከፋዩ ተጫዋች ከሜዳው በስድስት ማይል ክልል ውስጥ የተወለደ ወይም ሁለት ዓመት የኖረ መሆን ነበረበት። በ1888 ደግሞ የአስተን ቪላው ስኮትላንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ዊሊያም ማክግሪገር ለክለቦች ደብዳቤ ጻፈ፤ 12 ክለቦች ሊግ መሠረቱ። ደሞዝ በየሳምንቱ የሚከፍል ክለብ በየሳምንቱ ተመልካች የሚያመጣ ጨዋታ ያስፈልገዋልና።

የመጀመሪያውን ሊግ የወሰደው ያው ከዋንጫ የተባረረው ፕሬስተን ነው፤ 22 ጨዋታ፣ 18 ድል፣ 4 አቻ፣ ሽንፈት የለም። ዋንጫውንም ደርቦ ወሰደ። ከተሰላፊዎቹ ብዙዎቹ ከስኮትላንድ የመጡ ናቸው። አሁን የእያንዳንዳቸውን የትውልድ ከተማና ኳስ ከመጀመራቸው በፊት የነበራቸውን ሥራ እየለቀምኩ ነው። ሰንጠረዡ ሲሞላ አካፍላችኋለሁ።