«ፌስታል ልጨምር?»

ፌስታል የሚከለክለው አዲሱ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሚኒ ማርኬት ውስጥ ካሸር ነበርኩ። አለቃችን አንድ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ፌስታል የለም፤ አንዱ አምስት ብር» አለን። ስለ አካባቢ ጥበቃ ተጨንቆ እንዳይመስላችሁ። የፌስታል ወጪ አንገብግቦት ነው።

መጀመሪያ የተጋጨሁት ከአንድ ጎልማሳ ጋር ነው። ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር፤ ሒሳቡ ከሁለት ሺህ ብር በላይ። ትንፍሽ ሳይል ከፈለ። ፌስታሉ ላይ ስንደርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄን ሁሉ ገዝቼ ለፌስታል ታስከፍይኛለሽ? ብሩ አይደለም፣ ንቀቱ ነው!»

ዘይቱን በብብቱ ሸጎጠ። ዳይፐሩን በጥርሱ ሊይዝ ምንም አልቀረው። ከኋላው የቆሙ እናት ከነጠላቸው ሥር የማዳበሪያ ዘንቢል አወጡ። «እንካ የኔ ልጅ፣ እስከ መኪናህ አድርስበትና መልስልኝ።» ሳቀ። እኛም ሳቅን። አምስት ብሯን ግን አልከፈለም።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ድሮ እጄ ራሱ ይመዝዝ ነበር፤ ለአንዲት ክብሪት እንኳ። አሁን «ፌስታል ልጨምር?» ማለት ግድ ሆነ። ሰው ሲጠየቅ ዕቃውን ያየዋል። «ተዪው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ይገባል» ይላል።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያደረገችው ይህንኑ ነው። በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም፣ ያውም ደረሰኝ ላይ ተጽፎ፣ ከገዢው ኪስ። አጠቃቀሙ በ90 በመቶ ገደማ ወረደ። የእኛ የ1999 አዋጅ ግን ያነጣጠረው ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ባልበለጠው ፌስታል ላይ ነበር። ካሸር ላይ ተቀምጦ ሚሊ ሜትር የሚለካ ማን ነው? ፌስታሉም ክረምት በመጣ ቁጥር የደሴን ቦይ ሲደፍን፣ ያመለጠው በቦርከና ወንዝ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ኖረ።

የ2017ቱ አዋጅ ጨርሶ ከልክሎታል፤ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ እንኳ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ያስፈራል። በእኔ ይሁንብኝ፣ በአምስት ብሯ አስቀድመው ቢያለማምዱን ይሻል ነበር።

ጎረቤታችን ባለ ልኳንዳው ግን አልተዋጠለትም። «ሳሙናውንስ በቦርሳሽ ያዢ፣ ደም የሚያንጠባጥበውን ሥጋ በምን ልጠቅልልልሽ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ክዳን ያለው ሳህን ከቤት ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ባዶውን አስቀድሞ ካልመዘነ ግን እንጣላለን። ሳህኔን በሥጋ ዋጋ መልሼ አልገዛማ!